ክሪስፑ ለምን ረጠበ? የአንድ የባሕር ዳር ወጥ ቤት የጉዳይ ጥናት

«እማ፣ ይሄ እኮ ገንፎ ነው።»

ልጄ ማንኪያዋን ትሪው ውስጥ ሰክታ ያለችው ይህን ብቻ ነው። እውነቷን ነው። ከላይ ኩርሽም ማለት የነበረበት ነገር ማንኪያው ሲነካው ጭልቅ ብሎ ሰመጠ። ከሥሩ ያለው ፖም በራሱ ውኃ ይዋኛል። ቅቤው ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ቢጫ ኩሬ ሠርቷል። ሽታው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ቀረፋው ከግቢው በር ድረስ ሰው ይጣራል።

ይህ የሆነው መስከረም ማለቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ ነው። የልጄ ልደት ደግሞ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ይውላል። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። ዘንድሮ ኬክ አልፈልግም ብላለች። ስልክ ላይ ያየችው «አፕል ክሪስፕ» የሚባል ነገር ልቧን ወስዶታል። የዚያን ቀን የሠራሁት እንግዲህ ለሙከራ ነበር። ሙከራው ወደቀ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የማይገጥም ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳስስ እውላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ የማይገጥም ትሪ ጠበቀኝ። የልጄን የተጋመሰ ደብተር ወሰድኩና እንደ መዝገብ መጻፍ ጀመርኩ። ምን ስንት ገባ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ምን ሆኖ ወጣ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የተወሰደ ነው። የተበላሸውንም አልደበቅኩም፤ እንዲያውም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ክሪስፕን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ፖም ይከተፋል፣ በስኳርና በቀረፋ ይለወሳል፣ ትሪ ላይ ይነጠፋል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና አጃ ተፈርፍሮ ከላዩ ይበተናል። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ይገባል። መዳመጥ የለ፣ እርሾ የለ፣ እንቁላል የለ። የአሜሪካ የማብሰያ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ብቅ ያለው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። እንግሊዞች ክራምብል የሚሉት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው አጃው ነው። ስሙ ራሱ የሚያወራው ስለ ላይኛው ክፍል ነው። ኩርሽም ካላለ ክሪስፕ አይደለም፣ የፖም ወጥ ነው።

ፖሙ፣ ግቢውና ምድጃው

ፖም የባሕር ዳር ልጅ አይደለም። ዛፉ በዓመት አንዴ ደህና ብርድ ይፈልጋል። ብርዱን ካላገኘ ከእንቅልፉ በቅጡ አይነቃም፣ አበባውም ይዛባል። እኛ ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ለማንጎና ለዘይቱን የሚመች አየር ነው። የሀገር ውስጡ ፖም ስም ያወጣው በጋሞ ደጋ፣ ቸንቻ ላይ ነው። እኔ ከአትክልት ቤቱ የገዛሁት ግን ከውጭ የገባ፣ ቀይ፣ በሰም እንደተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ነበር። ዋጋውን ሳልወድ ከፈልኩ። ማንጎ ቢሆን እመርጥ ነበር፤ በጥቅምት ግን ማንጎ ከየት ይመጣል።

የምንኖረው ስድስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችንን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እድሜያቸውን አይናገሩም፣ እኛም አንጠይቅም። ጓሯቸው ውስጥ አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ ሁለት ዶሮና ከድፎ ዳቦ ጋር ያረጀ የብረት ክዳን አላቸው። ክዳኑን አስታውሱልኝ።

ምድጃዬ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፎርኖ ነው። ከተማውን ለቀው ከሚሄዱ ሰዎች የገዛሁት ነው። ሁለት ዓመት ፓስታ አልፎርኖ ስሠራበት ኖሬያለሁ። የማካሮኒው አናት ቀልቶልኝ አያውቅም። የኛ አይብ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቡን ስወቅስ ከረምኩ። አይቡ ይቅር ይበለኝ።

የመጀመሪያው ገጽ

የደብተሩ አንደኛ ገጽ እንዲህ ይላል። ቀይ ፖም ሰባት፣ ሳይመዘን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተከትፎ በስኳር ተለወሰ፣ ምድጃ የገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከላይ የሚበተነው፦ የስንዴ ዱቄት፣ ኦትስ፣ አራት ማንኪያ የጎጃም ማር፣ ከቅዳሜ ገበያ የመጣ ለጋ ቅቤ፣ ቀልጦ። ሙቀት 180 ዲግሪ። ጊዜ 45 ደቂቃ። እንዳያር በአሉሚኒየም ፎይል ተሸፍኗል።

አሁን መልሼ ሳነበው እያንዳንዱ መስመር ላይ ጥፋት ይታየኛል። ያኔ ግን ሁሉም ብልሃት መስሎኝ ነበር። ማሩን ያስገባሁት የወንዙ ልጅ ነኝና ማር አይቀርብኝም ብዬ ነው። ለጋ ቅቤውንም እንዲሁ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «ፀጉርሽን ስትቀቢ የሚሸተው ነገር አለው» ስትለኝ ቅቤው ከክብር ወንበሩ ወረደ። ለጋ ቅቤ ለራስ፣ ለአጥሚት፣ ለገንፎ ወደር የለውም። ፖም ላይ ግን የፖሙን ድምፅ ያፍነዋል። ለዶሮ ወጥ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ የተነጠረውን ቅቤስ አታስቡት። ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ይሻላል።

ሒሳብ ላይ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ልዩነት ስትፈልግ ሁለት ነገር ባንዴ አትነካካም። አንዱን ታርማለህ፣ ትደምራለህ፣ ታያለህ። በማግስቱ እሑድ ፎይሉን ብቻ አንስቼ በግማሽ መጠን ደገምኩት። ትንሽ ተሻለ። ገንፎ መሆኑ ቀርቶ የረጠበ ዳቦ ሆነ። አናቱ ግን ነጭ ነው። 45 ደቂቃ ቆይቶ፣ ያለ ሽፋን፣ ነጭ!

አራቱ ሳህኖች

ሰኞ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ አራት ትንንሽ ጎድጓዳ የብረት ሳህኖች አወጣሁ። ፎይሉን ባለፈው ፈትነናል። የቀሩት ተጠርጣሪዎች ማሩና የቀለጠው ቅቤ ናቸው። ሁለቱን ፖሞች ለአራት አካፈልኩ። ሀ ማርና የቀለጠ ቅቤ። ለ ማርና ከፍሪጅ የወጣ ደረቅ ቅቤ። ሐ ስኳርና የቀለጠ ቅቤ። መ ስኳርና ደረቅ ቅቤ። ቅቤው በሁሉም የገበታ ቅቤ ነው፣ መጠኑም እኩል ነው። ስማቸውን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፌ ከፎርኖው ፊት ደረደርኩ። ባለቤቴ በበሩ አጮልቆ አየኝና «ፈተና ነው እንዴ?» ብሎ ተኛ።

ውጤቱ የሚያወላዳ አልነበረም። ሀ እና ለ ሲወጡ ጥሩ ይመስላሉ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ጣት ላይ ይጣበቃሉ። ማር የራሱ ውኃ አለው። ያም አልበቃ ብሎት ከአየርም ከፖሙም እርጥበት ይስባል። ለጠጅና ለድርቆሽ የተባረከው ጠባዩ እዚህ ጋ እዳ ነው። ስኳር ግን ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የፈረንጆቹ አሠራር ቡናማ ስኳር ይላል። ቡናማው ነጩ ስኳር ላይ የሸንኮራው ጥቁር ፈሳሽ የተመለሰበት ነው። ከኛ ሱቅ የሚገኘው ወርቅማ ስኳር ይበቃል፣ አትጨነቁ።

ሐ እና መ የሚለያዩት ቅርጻቸው ላይ ነው። ዱቄቱ የቀለጠውን ቅቤ ጠጥቶ አንድ ወጥ ንጣፍ ሆኗል። እንፋሎቱ መውጫ አጥቷል፤ ከሥር ሲታይ አልቦታል። ደረቁ ቅቤ ግን በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ሲታሽ እንደ ጨጨብሳ ፍርፋሪ አተር አተር የሚያህል ጓል ይሠራል። በጓሎቹ መካከል ክፍተት አለ። እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። መዳፍ አይነካውም፤ መዳፍ ያቀልጠዋል።

መ አሸነፈ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። ሳህኑን ገልብጬ ሳየው ነው ሌላ ነገር የታየኝ። የፖሙ ሥር ጠይሟል፣ ሊያር ምንም አልቀረው። አናቱ ግን አሁንም የገረጣ ነው። ማርም ይሁን ስኳር፣ የቀለጠም ይሁን ደረቅ፣ የአራቱም አናት አንድ ዓይነት ገርጥቷል። አራት የተለያየ ሒሳብ አንድ ዓይነት ስህተት ካሳየ ጥፋቱ ሚዛኑ ላይ ነው።

ከሱቅ የተገዛ ዳቦ ነበረኝ። ስድስት ቁራሽ ቆረጥኩና የፎርኖው ሽቦ ላይ ደርድሬ ስምንት ደቂቃ ተውኳቸው። ሲወጡ የስድስቱም ሆድ ቀልቷል፣ ጀርባቸው እንደገባ ነጭ ነው። የወጥ ቤቱን መብራት አጠፋሁ። ተንበርክኬ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየሁ። የታችኛው ሬዚስታንስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚግለው ዘንግ፣ እንደ ፍም ቀልቷል። የላይኛው ጥቁር ነው። አንዲት ቀይ ነጥብ እንኳ የለበትም።

ለሁለት ዓመት ከሞተ ሬዚስታንስ ጋር ኖሬያለሁ። ፎርኖ ያለው ሰው ሁሉ ይህን የዳቦ ፈተና ባንድ ማታ ቢያደርገው እመክራለሁ። የትኛው ጥግ እንደሚያርር፣ የትኛው እንደማይበስል ዳቦው ይነግራችኋል። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ቀን እንደሚፈጅ ነገሩኝ። ልደቱ እስከዚያ ስለማይጠብቅ ይዤው ተመለስኩ።

ውኃው ሳያልቅ የማይቀላ ነገር

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ፖም 85 ከመቶ ገደማ ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ፖም ስትገዙ ከ800 ግራም በላይ ውኃ ተሸክማችሁ ትገባላችሁ። ስኳር ሲነካው ደግሞ ውኃው ከሥጋው ይወጣል። እኔ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀምጬው ነበር። ኩሬው የመጣው ከዚያ ነው።

ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። በኛ ከፍታ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። እርጥብ የሆነ ነገር ደግሞ ውኃው እስኪያልቅ ከመፍያው ሙቀት አይዘልም። የፎርኖውን ቁልፍ 180 ላይ አዙሩት፣ 220 ላይ አዙሩት፣ እርጥቡ ነገር እዚያችው 94 አካባቢ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። መቅላትና መጥቆር፣ ያ የቆሎ ሽታ፣ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ገብስ አርሶ የቆላ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ይተናል፣ ምጣዱ ላይ ይተኛል፣ ምንም የሚሆን አይመስልም። ውኃው ያለቀ ጊዜ ባንዴ ይንጣጣል፣ ይቀላል።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ከታች የሚመጣውን ውኃ እንዴት ልቀንስ? ከላይስ ደረቅ ሙቀት ከየት ላምጣ? የመጀመሪያው ቀላል ነው። ፖሙን ምድጃ ሊገባ ሲል ብቻ መለወስ። ቀዩን ትቶ አረንጓዴውን መግዛት፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ሲበስልም ቅርጹን ይይዛል፤ ቀዩ ቶሎ ይላሽቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ፖሙ ላይ መነስነስ፤ የወጣውን ጭማቂ ያወፍረዋል። ግማሽ ሎሚ መጭመቅ፤ የተከተፈው እንዳይጠቁር ያደርጋል፣ ጣዕሙንም ያነቃዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

እሑድ

የልደቱ ቀን አሥራ አንድ ልጅ መጣ። ግቢው ውስጥ ፊኛ ተሰቅሏል። ቡና ለእናቶች ይቆላል፤ የዘጌ ቡና ነው። ትሪው በደብተሩ መሠረት ተዘጋጅቷል። አረንጓዴ ፖም አንድ ኪሎ፣ ተልጦ እንደ ጣት ውፍረት ተከትፎ። ስኳር 80 ግራም፣ ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሎሚ፣ ዱቄት። ከላዩ ዱቄት 120 ግራም፣ ኦትስ 90፣ ስኳር 100፣ ቅቤ 110፣ ቁንጥር ጨው። ኦትስ ስል ተጨፍልቆ የጠፈጠፈውን አጃ ነው። የአጃ ቂንጬ እንዳታደርጉ፤ ጥርስ ላይ ጠጠር ይሆናል፣ ሞክሬዋለሁ።

እቅዴ ፖሙን በታችኛው ሬዚስታንስ አብስዬ፣ ለአናቱ የመጣው ይምጣ ማለት ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አስገባሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት ሄደ።

ደጃፌ ላይ ትሪውን ይዤ ቆሜ ነው እማማ ያገኙኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«መብራት ሄደብኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ መብራት ሳይመጣ ዳቦ አልበላንም?» አሉና ትሪውን ገልጠው አዩት። «ይሄ ከላይ እሳት ነው ያጣው። አምጪው።»

ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን ምርመራ ባንድ እይታ ጨረሱት። ሳልናደድ አልቀረሁም።

የከሰል ማንደጃው ላይ ፍሙን ወደ ዳር ገፉት። መሃሉ ላይ አመድ የለበሰ ረመጥ ብቻ ቀረ። ሦስት ጉልቻ አድርገው ትሪውን አስቀመጡ። ያንን የድፎ ዳቦ ክዳን ደፉበት፤ ደማቁን ፍም ሁሉ ክዳኑ ላይ በመቆስቆሻ ደረደሩት። ትሪዬ የብረት ነው። የመስታወት ቢሆን ኖሮ እሳት ላይ ይፈነዳ ነበር፣ ይህን ልብ በሉ።

አምስት ደቂቃ ቆይቼ አላስቻለኝም። ክዳኑን በጨርቅ ይዘን በትንሹ አነሳነው። ከክዳኑ ሆድ አንዲት የውኃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ትሪው አናት ላይ ጠብ አለች። ሌላዋ ተከተለች። ጠብ ባለበት ቦታ ፍርፋሪው እንደ ሊጥ ጠቆር ብሎ ሰመጠ። ፎይሉ! የመጀመሪያው ቀን ፎይል በብረት መልክ ተመልሶ መጣ።

«እማማ፣ ላቡ ወደ ታች እየወረደ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ዳቦ ላቡን ይወዳል፤ ሳይታፈን መች ያብጣል። ይኼ ግን እንደ ዳቦ አይደለማ።» ከመሬት ሦስት ጠጠር ለቅመው በክዳኑና በትሪው ጠርዝ መሃል አስገቡ። የጣት ስፋት ክፍተት ተፈጠረ። ወዲያው ነጭ እንፋሎት በዙሪያው ተግተልትሎ ወጣ።

የዚህ ጉዳይ መፍትሔ እነዚያ ሦስት ጠጠሮች ናቸው። የድፎው እውቀት የእሳቱን ቦታ ሰጠን። ክዳኑን ግን እንደ ድፎ ብንዘጋው ኖሮ ሁለተኛ ገንፎ ነበር የምንበላው።

አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። መድረሱን ያወቅነው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። መጀመሪያ በጠርዙ በኩል ጭማቂው ቀጭን ድምፅ አውጥቶ ይፈላ ነበር። እየቆየ ድምፁ ወፈረ፤ እንደ ሽሮ ቧ፣ ቧ ማለት ጀመረ። ጭማቂው ወፍሯል ማለት ነው። ክዳኑ ሲነሳ አናቱ የገብስ ቆሎ መልክ ይዟል። ትልቁ ፍም የተቀመጠበት አንድ ጥግ ብቻ ከሰል ሆኗል። እሱን ቆርጬ ለዶሮዎቹ ጣልኩ። አልበሉትም።

ወዲያው አይቆረስም። ሃያ ደቂቃ ሳይሸፈን መቆየት አለበት። ጭማቂው ይረጋል፣ ስኳሩም ይጠነክራል። አሥራ አንድ ልጅ ከበውኝ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ፣ ያም ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ልጄ ማንኪያዋን ገልብጣ በጀርባው አናቱን መታችው። ኳ አለ። እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። በላች።

እናቶቹ በቶናው ላይ ደረሱ። ለቡና ቁርስ ሳይስማማ አልቀረም፤ የዘጌው ቡና መራራነት ፖሙን ልክ ያስገባዋል። ለእማማ በሳህን አቀረብኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ቅቤ አለበት አይደል?»

«አለበት።»

«ጽጌን እኮ እጾማለሁ ልጄ።»

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ብዙ እናቶች አሉ። ሳላስበው ቀረሁ። እሳቱን አንድደው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ ጭሱን ጠጥተው ያዳኑትን ነገር ሳይቀምሱ ቆሎ ይዘው ቡናቸውን ጠጡ። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ያልተከፈለ» ብዬ ጻፍኩ።

ያልተከፈለው

የተረፈው ትንሽ ነገር በማግስቱ ለስልሶ ነበር። ይህ የማይቀር ነው፤ ፖሙ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይተነፍሳል። መጥበሻ ላይ አናቱን ብቻ አንስቼ ሳሞቀው ግን ኩርሽምታው ተመለሰ። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። አናቱ ለብቻው ከታመሰ ፖሙ ላይ መብሰል ለምን አስፈለገው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጾሙን ሠራሁ። ፖሙን በድስት፣ ክዳን ሳልከድን፣ በስኳርና በሎሚ አበሰልኩት። ጭማቂው ማንኪያ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ። እንደ ሙከራ ቀረፋውን ትቼ ኮረሪማ ወቀጥኩበት። በዚህስ ቀረፋን አላስታወስኩትም። ከዚያ ዱቄት 120 ግራም፣ ኦትስ 80፣ ስኳር 80፣ ሁለት ማንኪያ ሰሊጥ፣ ጨው፣ ዘይት 70 ግራም፣ ጓል እንዲይዝ አንድ ማንኪያ ውኃ። በጣቴ አሽቼ ሰፊ መጥበሻ ላይ በዝግታ እሳት እንደ ቆሎ እያማሰልኩ 12 ደቂቃ። ውኃው ቶሎ ያልቃል፣ ዘይቱ የራሱ ውኃ የለውም። ከምድጃው ከወጣው የበለጠ ይንኮሻኮሻል። እውነቱን ለመናገር የቅቤው ጠረን ይቀርበታል። ሰሊጡ ግን በከፊል ይክሰዋል። እንደ ቅቤው ልብ አያሞቅም፤ እንግዳ ፊት ግን አያሳፍርም።

ትኩሱን ፖም በሳህን አደረግኩ። ፍርፋሪውን እደጃፋቸው ስደርስ ነው የበተንኩበት፣ እንዳይረጥብ። እማማ አማትበው ቀመሱ። ዝም ብለው አላመጡ። ድምፁ ይሰማኛል።

«ቆሎ ነገር ነው» አሉ። «ቆሎ በጣፋጭ። ፖሙ ግን ስንት ነው የገዛሽው?»

ነገርኳቸው። ማንኪያውን አስቀመጡ። «ለዚች?» ካሉ በኋላ ግን ሳህኑን ጨርሰው ነው የመለሱልኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት አንድ ሰፌድ ዘይቱን ደፉ ላይ ተቀምጧል። ጤዛው ገና አልለቀቀውም። እማማ ከጓሯቸው ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በእሱ ሞክሪው!» አሉኝ።

አንዱን ለሁለት ከፈልኩት። ሥጋው ቀይ ነው፣ ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው። መሃሉ ግን ጠጠር በሚያህል ፍሬ የተሞላ ነው። ልጄን ማጥለያ እንድታመጣ ላክኋትና ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ገለጥኩ።